ሩብ ኪኒን

እንደ እህት ለማይሽ የልጅነት ጓደኛዬ፤

ባሕሩ እንዴት ይዞሻል? ማዕበል ሲነሳ ሆዴን ያገላብጠዋል ያልሽኝ ተሻለሽ ወይ? የወገብሽስ ነገር? ትልልቁን ድስት ብቻሽን አታንሺ ብዬሽ ነበር፤ መቼም አትሰሚኝም። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ሐዘኑን እንዴት እንደያዝሽው ነው። ሰው እናቱ ሞታበት በውኃ መሀል ለአንድ መርከብ ሙሉ ሰው ምሳ ሲሠራ ምን ይሰማው ይሆን እያልኩ አንቺን አስባለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ልጄም ደህና እየሆነ ነው። «እየሆነ ነው» ያልኩበትን ምክንያት ታች ድረስ ካነበብሽ ታገኚዋለሽ። እባክሽ መሀል ላይ ቀደሽ እንዳትጥይው።

እማማ ባረፉ ማግስት ስትደውዪ ብዙ አላወራሽም። ተሰቃይታ ነበር ወይ ብለሽ ብቻ ጠየቅሽኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ እንደ እንቅልፍ ነው የወሰዳቸው አልኩሽ። የመጨረሻዎቹ ቀናት እውነትም እንደዚያ ነበሩ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሳምንታት ግን አልነበሩም። ይህን በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ወሬ ቀየርኩ። ወረቀት ይሻላል ብዬ ዛሬ የስፌት ሱቄን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

የወላጆች ኮሚቴ ማቋቋማችንን ታውቂያለሽ። ሁለት ልጆች ኳስ ሜዳው ጥግ ወድቀው ከተገኙ በኋላ ነው ሰፈሩ የደነገጠው። ከመንገድ ላይ የገዙት የሕመም ማስታገሻ ነበር፤ ውስጡ ምን እንደተቀላቀለበት ሻጩም የሚያውቅ አይመስለኝም። አንደኛው ተረፈ፣ አንደኛው አልተረፈም። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር፣ ርዕሰ መምህሩ፣ የተማሪዎች አውቶቡስ ሾፌሩ፣ እኔና ሌሎች ወላጆች ተሰባሰብን። መጥፎ ሥራ አልሠራንም፤ ይህን ለማለት አላፍርም። በየቤቱ ዞረን የተረፈ መድኃኒት ሰበሰብን። ሲስተሯ ምልክቱ ምን እንደሚመስል፣ ልጅ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ ለወላጅ ሁሉ አስተማረች። ሜዳው ላይ መብራት አስተከልን፤ ልጆቹ እያመሹ መጫወት ጀመሩ። የታመመ ሰው ላለበት ቤት ሁሉ ቁልፍ ያለው የመድኃኒት ሳጥን አደልን። ሊቀመንበር ይመረጥ ሲባል ደግሞ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የሰፈሩን ልጆች የደንብ ልብስ የምሰፋ፣ የስንቱን ወገብና ቁመት በቃሌ የማውቅ፣ ከእሷ በላይ ልጆቻችንን የሚያውቅ ማን አለ ተባለ። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። ባሌ ጥሎኝ ከሄደ ወዲህ የሰው መጠቋቆሚያ ሆኜ ነበር፤ ሰው ተነስቶ ወንበር ሲለቅልኝ ደስ አለኝ።

ያ ደስታ ነው መሰለኝ ያሰከረኝ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ወላጅና ተማሪ ጢም ብሎ በሞላበት፣ ማይክ ይዤ «የእኔም ልጅ ቢሆን፣ እዚህ ነገር ውስጥ ካገኘሁት ሻንጣውን በር ላይ ነው የማስቀምጥለት» አልኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሾፌሩማ ቆሞ ነው ያጨበጨበው። ልጄ መሀል ላይ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ነበር። ያጨብጭብ አያጨብጭብ አላየሁም።

ከሳጥኖቹ አንዱን እማማ ራስጌ አስቀመጥኩት። እናቴን አደራ ብለሽኝ ስለነበር ቁልፉ እኔ ጋ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን እኔ ልብስ ስፌት ላይ ነኝ፤ የቀጠርሻት አስታማሚ ልጅም በዚያ ሰዓት ገበያ ትወጣለች። ስለዚህ የከሰዓቱን የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እንዲሰጣቸው ቁልፉን ለእሱ ሰጠሁት። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ጋዜጣ ያነብላቸዋል፣ ትራስ ያስተካክልላቸዋል። እማማ «እንደ ልጅሽ ያለ የት ይገኛል» ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ ወደ ምድር ቤቱ ሱቄ እወርድ ነበር።

ቀስ በቀስ ሕመማቸው ባሰ። ሲስተሯ መድኃኒቱን ጨመረችላቸው፤ ለውጥ የለም። እንደገና ጨመረች። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቁማኝ፣ ይህን ያህል የሚወስድ ሰው እንዲህ ሊያቃስት አይገባም፣ መድኃኒቱ በእርግጥ እማማ አፍ ውስጥ እየገባ ነው ወይ አለችኝ። የኔ እህት፣ ልቤ ወደ ቤቴ ለአፍታ እንኳ አልዞረም። በቀጥታ አስታማሚዋ ላይ አረፈ። አዲስ ጫማ አድርጋ አይቻት ነበርና ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ሾፌሩንና ሁለት የኮሚቴ እናቶችን ይዤ ሄድኩ፤ እማማ በር ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ አንገቱን አውጥቶ እያየ፣ ሌባ አልኳት። አንድ ቃል አልመለሰችም። ልብሷን በፌስታል ይዛ ሄደች። ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠርኩት። ለአንቺም «ሌባዋን አስወጣናት» ብዬ ጻፍኩልሽ። «አንቺ ባትኖሪ እናቴ ምን ይውጣት ነበር» ብለሽ መለስሽልኝ። ያን ቃልሽን አሁን ሳስታውሰው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

ልጅቷ ከሄደች በኋላም እማማ አልተሻላቸውም። ማደሪያዬና የእማማ ክፍል ግድግዳ ይጋራሉ፤ ማለዳ ማለዳ ድምፃቸው ይሰማኛል። ትራስ ነክሰው እንደሚያቃስቱ ያስታውቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋና ማሽኑ ቆመ። ሥራ ከፈታሁ አይቀር ብዬ የታጠቡ አንሶላዎች ይዤ ወደ እማማ ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የልጄን ድምፅ ሰማሁና፣ ጋዜጣ እያነበበላቸው ነው ብዬ ላለማቋረጥ ቆምኩ።

ጋዜጣ አልነበረም። እማማ ናቸው የሚናገሩት፤

«የዛሬዋ ሩብ ናት። ትናንት ግማሽ ነበረች፤ በእግርህ ቆመህ ሄደሃል። ዛሬም ትሄዳለህ።»

«እርስዎስ?» አለ ልጄ። የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነበር።

«እኔን ተወኝ። ነገ ግን ለሲስተሯ አብረን እንነግራታለን። እናትህን ደግሞ አንተ ራስህ ትነግራታለህ።»

«እሷማ ታባርረኛለች። ሰው ሁሉ ፊት ብላለች እኮ።»

  አንሶላዎቹን በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ጣል አድርጌ በጣቶቼ እየረገጥኩ ወረድኩ።

አሁን ከሁሉ የከፋውን ልነግርሽ ነው። እስካሁን ያልኩሽን ሁሉ፣ አላወቀችም ነበር ብለሽ ልትምሪኝ ትችያለሽ። ከዚያች ሰዓት በኋላ ግን አውቅ ነበር። እና ዝም አልኩ። ቅዳሜ ትልቅ ስብሰባ ነበረን፤ የሰፈራችንን ሥራ ለማየት ከሌላ ከተማ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ፣ ንግግሩን እኔ እንዳደርግ ተወስኖ፣ የአዳራሹ ግድግዳ ሁሉ በሥዕል ተሸፍኖ ነበር። ይህ ነገር አሁን ከወጣ ኮሚቴው ይፈርሳል፣ ሥራው ሁሉ ገደል ይገባል፣ ቅዳሜ ይለፍና እናገራለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ለኮሚቴው አልነበረም። ለፊቴ ነው። በእነዚያ ቀናት ልጄን ዓይኑን ላለማየት ራት አቅርቤለት ወደ ልብስ መተኮሱ እዞራለሁ። ማለዳ የእማማን ድምፅ ስሰማ ሬዲዮ እከፍታለሁ። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ገብቶሻል? እናትሽ በልጄ ምክንያት ሲያቃስቱ እኔ እንዳልሰማ ሬዲዮ ከፈትኩ።

ቅዳሜ ተናገርኩ። ስለ ሳጥኖቹ፣ ስለ ሜዳው መብራት፣ ስለ ወላጅ ንቃት አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። እንግዶቹ ጨበጡኝ። ከዚያ ፀሐይ ሳትጠልቅ እማማን ልጠይቅ ወጣሁ። አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ተቀምጠው ነበር፤ ፊታቸው እንደ ሰም ነጥቷል። ስብሰባው እንዴት ነበር አሉኝ። ጥሩ ነበር አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ምንም ቁጣ በሌለው ድምፅ፣

«እንግዲህ አሁን ጊዜ አለሽ?» አሉኝ።

አንሶላዎቹን አይተዋል። ማን እንዳመጣቸው፣ ለምን ሳይገባ እንደተመለሰ ገብቷቸዋል። ለሲስተሯ መንገሩንም አቆይተው፣ እነዚያን ቀናት ሁሉ እኔ እስክመጣ እየጠበቁኝ ነበር። እግራቸው ሥር ተደፋሁ። ተነሽ፣ ወገቤን ታሳምሚኛለሽ አሉኝ፤ እንዲያ ሆነውም ይቀልዱ ነበር።

እሳቸው ናቸው ሁሉንም የነገሩኝ። ልጄ መጀመሪያ የወሰደው ፈተና ደርሶ እንቅልፍ ሲያጣ ነው። ከዚያ ሳይወስድ መዋል አቃተው። እማማ ያወቁት ውኃ ሲያቀብላቸው እጁ ሲንቀጠቀጥ አይተው ነው። የሰረቅከኝን መልስ አላሉትም። ብከለክለው ያን የመንገዱን መርዝ ይገዛል፣ እንደዚያ ልጅ ሜዳ ላይ ይወድቃል ብለው ፈሩ። ስለዚህ ከራሳቸው ድርሻ እየቆረሱ፣ ሙሉውን ግማሽ፣ ግማሹን ሩብ እያደረጉ ሊያስተዉት ሞከሩ። ለምን አልነገሩኝም፣ ልጅቷንስ ሳባርር ለምን ዝም አሉ አልኳቸው።

«ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ነበር» አሉኝ። «አንቺ ግን ስትገቢ ስለ ስብሰባው እያወራሽ ትገቢያለሽ፣ ስትወጪም ስለ ስብሰባው እያወራሽ ትወጪያለሽ። ልጅቷን ስታባርሪ ዝም ማለቴ ግን የእኔ ጥፋት ነው፤ ለልጁ ፈርቼ ነው።»

ሕመሙን እንዴት ቻሉት ስላቸው፣ አልቻልኩትም ልጄ አሉኝ። ይህችን ብቻ ነው ያሉት። ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለች።

በዚያው ምሽት ሲስተሯን ጠራኋት። አልጮኸችብኝም። እማማ ያደረጉት በፍቅር ነው፣ ግን ልጁንም እሳቸውንም ሊገድል ይችል ነበር፣ ይህ በሰው ቤት በጓዳ የሚሠራ ሥራ አይደለም አለች። ለእማማ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ተጀመረላቸው፤ እሷ ራሷ እየመጣች ነበር የምትሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ነው የተኙት። ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም እንቅልፍ ተኝተው ሲነሱ፣ ፀጉሬን አበጥሪልኝ አሉኝ፤ አበጠርኩላቸው። ስላንቺ አወሩ። በልጅነትሽ ድስት ላይ የቀረውን በጣትሽ ስትጠርጊ የተመታሽውን አንስተው ሳቁ። ያረፉትም እንዲህ ሆነው ነው፣ ሳያቃስቱ፤ እኔና ልጄ አጠገባቸው ሆነን። ይህ ውሸት አይደለም።

ልጄ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ሲስተሯ ፊት የሚውጠው መድኃኒት አለው፤ የሚያነጋግረው ባለሙያም አለ። የመጀመሪያው ሳምንት ክፉ ነበር። ያልበው ነበር፣ ያስመልሰው ነበር፣ እግሮቹ አላርፍ ብለው ሌሊቱን ይራገጥ ነበር። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ቀን ቀና ብሎ «ሻንጣዬን ላዘጋጅ?» አለኝ። ለመጣላት አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። እንዲህ ዓይነት እናት ሆኜ መገኘቴን ያን ዕለት አየሁት።

አስታማሚዋን ፈልጌ አገኘኋት። አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ሳህን ታጥባለች። ገና ስታየኝ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ እማማ እንዴት ናቸው አለችኝ። አለመስማቷ ነው። ነገርኳት፤ ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስትረጋጋ ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷም የልጄን ነገር ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር፤ እማማ አደራ ብለዋት ነው አፏን የዘጋችው።

«ለእርስዎ ብዬ እንዳይመስልዎት፣ እትዬ» አለችኝ። «ሌባ ያሉኝ ሰው ፊት ነው። ይቅርታውንም ሰው ፊት ይበሉት።»

ሐቅ ነው። ለልጄ ነገርኩት፤ የእሱን ነገር ሳላወጣ የእሷን ስም ማጽዳት እንደማልችል አስረዳሁት። ብዙ አሰበ። ተናገሪ፣ እኔም እመጣለሁ አለኝ።

እናም በዚያው አዳራሽ ቆምኩ። ልጅቷ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆማለች። ማይክ አልያዝኩም። እሷ አልሰረቀችም፣ የወሰደው ልጄ ነው፣ ሳውቅ ደግሞ ስብሰባችን እስኪያልፍ ደብቄአለሁ አልኩ። ይቅርታ ጠየቅኳት። ልጆቻችሁ ሊነግሯችሁ የሚፈሩት እኔ ስለ ሻንጣው እንደተናገርኩት ስለምንናገር ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ሊቀመንበር አይደለሁም ብዬ ተቀመጥኩ። የጠበቅኩት ስድብ ነበር፤ ያ ግን አልመጣም። አንድ ሰው አሳለ፣ ወንበር ተንቋቋ፣ ርዕሰ መምህሩ ስብሰባውን በጥድፊያ ዘጋው። ልጅቷ ወደ እኔ አልመጣችም፤ ወደ ልጄ ሄዳ ግን ትከሻውን ነካ አደረገችው።

ስወጣ ሾፌሩ ደረጃው ሥር ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ መልሶ ያስራል። ስጠጋው ቀና ሳይል፣ ሲስተሯ የምትገኘው በስንት ሰዓት ነው አለኝ። ጠዋት ጠዋት፣ በጓሮ በኩል በር አለ፣ ማንም አያይም አልኩት። ለአንድ ዘመድ ነው አለኝ። ዘመድህ ብቻውን መሄድ ከከበደው አብሬው እሄዳለሁ አልኩት። ማሰሪያውን አጥብቆ፣ «ሴት ናት» አለ። ሌላ አልጠየቅኩትም። ያለችው ሴት ልጅ አንዲት ብቻ መሆኗን አንቺም ታውቂያለሽ።

ከእሱ በኋላ ሌሎችም መጥተዋል፤ ሱቄ ድረስ፣ የልጅ ሱሪ ላሳጥር ብለው። ሱሪውን አስቀምጠው አይሄዱም። እኔም መቀሴን አስቀምጬ ወንበር እሰጣቸዋለሁ። ኮሚቴው አልፈረሰም፤ ሲስተሯ ይዛዋለች። እኔን ሻይ አፍይና ወንበር ደርድሪ ብላኛለች፤ ይህም ይበዛብኛል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ይህን ደብዳቤ ልጽፍልሽ እንደሆነ ለልጄ ስነግረው፣ ለእሷ ባትነግሪያትም ግድ የለም አለኝ። ለምን ስለው፣ እንዲያው አለና ፊቱን አዞረ። መርከባችሁ እሁድ እሁድ ስልክ ሲፈቅድላችሁ፣ እማማ ካንቺ ጋር ከጨረሱ በኋላ ስልኩን ለእሱ ይሰጡት ነበር፤ እሱም ይዞት ወደ በረንዳ ይወጣል፣ በሩን ከኋላው ይዘጋል። እኔ ስለ ትምህርቱ የምትጠይቂው ይመስለኝ ነበር። እማማ ምን ያህሉን እንደነገሩሽ፣ ምን ያህሉን ለራሳቸው እንዳስቀሩት አልጠየቅኩትም፤ አንቺንም አልጠይቅሽም። የምታውቂው ቢሆንም ከእኔ እጅ ሊደርስሽ ይገባል ብዬ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

የእማማ ቤት እንዳለ ነው፤ መስኮቱን በየቀኑ እከፍተዋለሁ። ስትመጪ ቁልፉን ከእኔ መቀበል ከከበደሽ ሲስተሯ ጋ አኖረዋለሁ። ማሪኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም።

ፈጣሪ የእናትሽን ነፍስ ያሳርፍልሽ። ባሕሩን ያርግብልሽ፣ ከእሳትና ከፈላ ውኃ እጅሽን ይጠብቅልሽ፣ በሰላም ለወደብ ያብቃሽ። ልጄ እጅ ነስቶሻል። እሁድ ስልኩ ከጮኸ እሱ ያነሳዋል፤ እኔ እስክትጠሪኝ በረንዳው ላይ እሆናለሁ።

አደራሽን የበላሁት፣
ግድግዳ የምጋራሽ የልጅነት ጓደኛሽ